ካምቢዮውን እንደገና ከማውረዳችሁ በፊት

ካምቢዮ (ጊርቦክስ) ተቀይሮለት ችግር ይዞ የሚመጣ መኪና ገና በር ላይ ይታወቃል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሊመልሰው ሲሞክር ግርርር የሚል ድምፅ ይቀድመዋል። ከዚያ ይወርድና ሁሉም የሚሉትን ይላል፦ «የሸጡልኝ ካምቢዮ ብልሽት አለበት። አውርድልኝ።»

እኔ ወዲያው አላወርድም። መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የማድረው ደሴ ነው። ጠዋት የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በዚህች አጭር መንገድ ጭነት ይዞ መውጣት ማለት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ እያሉ መታገል ነው። ሜዳ ላይ የማይታወቅ የፍሪሲዮን (የክላች) ድካም ሐረጎ ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ በእኛ በኩል ካምቢዮና ፍሪሲዮን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ከተቀየረ በኋላም ብዙ ያስቸግራል።

ከዓመታት በፊት አንድ ሀጂ ሃይሉክስ ይዘው መጡ። ከኮምቦልቻ ባቲ ዕቃ የምታመላልስ መኪና ናት። ካምቢዮዋ ሦስተኛ ማርሽ እየተፋ (የገባው በራሱ እየወጣ) ስላስመረራቸው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝተው አስመጡ። ሰቀልኩላቸው። አዲስ የፍሪሲዮን ዲስክና አዲስ የፍሪሲዮን ኩሽኔታም (ቤሪንግ) አስገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። «ልጄ፣ ጠዋት ትገባለች፤ ረፋድ ላይ እምቢ ትላለች» አሉኝ።

ካምቢዮው ነው ብዬ ደመደምኩ። አወረድኩት፣ ከፈትኩት፤ ደህና ነው። መልሼ ሰቀልኩት፤ አሁንም እምቢ። እንደገና አወረድኩት። ዲስኩን አገላብጬ አየሁ፣ ለካሁ፤ ምንም የለውም። ሀጂ አራት ቀን ሥራ ፈቱ። የባቲ የሰኞ ገበያም አለፋቸው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

በአምስተኛው ቀን ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ረዳታቸውን «ፍሪሲዮን ርገጥ» አልኩት። እጄ እንዳጋጣሚ ካምቢዮው ጎን ወዳለው ወደ ታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ የምትወርደውን የጎማ ቱቦ ይዟል። ልጁ ሲረግጥ ቱቦዋ መዳፌ ውስጥ አበጠች። ሲለቅ ሟሸሸች። ድገም አልኩት፤ አበጠች። ልክ ውሃ እንደሚውጥ ጉሮሮ። ፔዳሉ የሚገፋው ዘይት ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ሹካ በመግፋት ፈንታ ጎማዋን እየነፋ ነበር። ሞተሩ ሲግል ጎማዋ የባሰ ትለሰልሳለች። ጠዋት እሺ፣ ረፋድ እምቢ የምትለው ለዚህ ነው። ክንድ የማትሞላ ቱቦ ቀየርኩ። አለቀ።

ካምቢዮ አውርዶ መስቀል ቀን ይበላል። ለባለ መኪናው ያ ቀን የቤተሰብ ጉርስ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሞተሩን አጥፉ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። ሞተሩ እንደጠፋ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን ተራ በተራ አስገቡ፤ የኋላውንም ጭምር። አንዳንዴ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ይገጥምና አልገባም ይላል። አታስገድዱት። ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ እንደገና ርገጡ፣ ወይም መኪናውን ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት። እጃችሁ የሚነግራችሁን ልብ በሉ። የትኛው ማርሽ ለስላሳ ነው? የትኛው ይከብዳል?

ከዚያ ዜሮ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ሞተሩን አስነሱ። ያንኑ ድገሙ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም እንደ ቅቤ ከገቡ፣ ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ ወይም ከተፋጩ፣ ካምቢዮውን ተዉት። ፍሪሲዮኑ አልቆረጠም ማለት ነው። ፔዳሉ ተረግጦም ሞተሩ የካምቢዮውን የፊት ዘንግ እያዞረው ነው። የሚዞር ጥርስ ውስጥ ማርሽ አይገባም።

ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ፍሪሲዮኑ ነፃ ነው። በእጅ የምትይዙትን የማርሽ ዘንግ፣ ዘይቱን ወይም የካምቢዮውን ውስጥ ጠርጥሩ። ከኋላ ማርሽ በቀር አንድ ማርሽ ብቻ አስቸግሮ ሌሎቹ ደህና ከሆኑም ፍሪሲዮን አይደለም። ፍሪሲዮን አድልዎ አያውቅም፤ ከታመመ ሁሉንም ማርሽ ያሳምማል።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ የኋላ ማርሽን ምስክር ጥሩ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ፍጥነት የሚያስተካክልለት ሲንክሮ የለውም። ስለዚህ አይዋሽም። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ በቀስታ እስከ አምስት ቁጠሩ። ከዚያ አስገቡ። ዝም ብሎ ከገባ ቀድሞ ይፋጭ የነበረው በችኮላ ነው። አምስት ቆጥራችሁም፣ አሥር ቆጥራችሁም ከተፋጨ የካምቢዮው የፊት ዘንግ አልቆመም።

አንድ ጎማ አንሱ

ይህን ወጣቶቹ ሲሳሳቱበት ስለማይ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። የኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ። ሁለቱን አይደለም። ሁለቱም ከተነሱ አንዱን ስታዞሩ ዲፈረንሻሉ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ያዞረዋል። ፍሪሲዮኑ ባይቆርጥም ጎማው ይዞርላችኋል፤ ሸወዳችሁ ማለት ነው። አንዱ መሬት ይዞ ሲቀር ግን የምታዞሩት ጎማ ትራንስሚሲዮኑን (ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ) የግድ ይዞ መዞር አለበት።

የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማ ስለሚይዝ ይለቀቅ። ስለዚህ የቀሩት ሦስቱ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በደንብ ይደገፉ። ከክሪኩ ጎን ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን እየሰጠ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ኪሳችሁ ይግባ።

ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ጎማውን ለማዞር ሞክሩ። ሞተሩ ስለያዘው አይዞርም። አሁን ሰው ፔዳሉን ይርገጥ። ጎማው መዞር አለበት። ትንሽ ያዝ ቢያደርግ ችግር የለም፤ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ክብደት አለው። ፍንክች ካላለ ግን ፍሪሲዮኑ አልቆረጠም። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚለቅ ከሆነ ጤናማ ነው። ወለሉን ሊነካ ሲል ብቻ የሚለቅ ከሆነ ዛሬ ቢሠራ ነገ ያስቸግራል።

ከፔዳሉ እስከ ሹካው

ፍሪሲዮኑ እንዳልቆረጠ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ አንድ ነው። እግር የሰጠው ግፊት ሹካው ዘንድ ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ ቀርቷል?

ካምቢዮ ሲወርድ ታችኛው ፓምፕ ይፈታል፤ አንዳንዴም ቱቦው ይነቀላል። አየር ይገባል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ፔዳሉን በፍጥነት አራት አምስት ጊዜ ምቱና በመጨረሻው ላይ ረግጣችሁ ያዙ። ማርሹ አሁን በቀላሉ ከገባ አየር አለ፣ ወይም በፔዳሉ በኩል ያለው የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘው ጎማ) አልቋል። ረግጣችሁ ይዛችሁ ስትቆዩ ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚሰምጥና ማርሽ የገባው መኪና ወደፊት መሳብ የሚጀምር ከሆነ ጎሚኒው ነው። ዘይቱ ከውጭ ሳይፈስ ከውስጥ እየሾለከ ነው።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይረግጣል፤ አንዱ ታች ሆኖ የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማስወጫ ቡሎን ይከፍታል። ቡሎኑ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። ርገጥ፣ ክፈት፣ ዝጋ፣ ልቀቅ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ሳይዘጋ ከተለቀቀ ያወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ትስባላችሁ። ላይ ያለው የዘይት ዕቃ እንዳይደርቅ እየተያየ ይሞላ። የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው። የሞተር ዘይት አንዲት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሁሉንም ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይበላልና ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

አየር ወጥቶ ሲያበቃ ከታች ሆናችሁ የታችኛው ፓምፕ ሹካውን የሚገፋበትን ዘንግ ተመልከቱ። ሰው ሲረግጥ ምን ያህል እንደሚሄድ በማስመሪያ ለኩ። እኔ ከአንድ ሳንቲሜትር በታች ሲሆን አልወደውም። የጎማ ቱቦዋንም በመዳፋችሁ ያዙ። ከሀጂ መኪና በኋላ ቱቦ ሳልይዝ ያለፍኩት መኪና የለም።

ፔዳሉ ላይ ያለውን ነፃ እንቅስቃሴም እዩ። በጣት ስትጫኑት ግፊት እስኪጀምር የሚሄደው ነው። ለብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። ከበዛ ፍሪሲዮኑ አይቆርጥም። ጭራሽ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ይውላል፤ ፍሪሲዮኑም ያንሸራትታል። ከፔዳሉ ሥር የተጣጠፈ ምንጣፍም አይቼ አውቃለሁ። ሳቁ ብዬ አይደለም፤ ፔዳሉን ሁለት ጣት የሚያህል ከልክሎት ነበር።

እንዲሁ በነካካ እጄ፦ ዕቃ ከአዲስ አበባ በስልክ ስታዝዙ ሁለቱንም ስም ተናገሩ። እኛ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የምንለው ከጣሊያንኛ የወረስነውን ነው። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ልጆች ክላች፣ ጊርቦክስ፣ ቤሪንግ ይላሉ። ሻጩ አንዱን ብቻ ሊያውቅ ይችላል። በስም መለያየት የተሳሳተ ኩሽኔታ ተልኮ ሦስት ቀን የቆመ መኪና አውቃለሁ።

የግድ ከወረደ

ከውጭ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ካልቆረጠ ካምቢዮው ይወርዳል። ግን ምን እንደምትፈልጉ እያወቃችሁ አውርዱት።

መጀመሪያ ዲስኩን እዩ። ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። መሐሉ ላይ ሞላዎች ያሉበት ጉብታ አለ። በአብዛኛው መኪና ያ ጉብታ ወደ ካምቢዮው ይዞራል። ወደ ሞተሩ ከዞረ ቮላኖውን (ዲስኩ የሚጫንበትን የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት) ወይም የቮላኖውን ቡሎኖች ይነካል። ያኔ ቢረግጡትም አይለቅም። ቮላኖው ላይ ክብ የሆነ አዲስ ጭረት ካያችሁ ጥፋቱ እሱ ነው።

ቀጥሎ ዲስኩን በፊት ዘንጉ ጥርሶች ላይ አንሸራትቱት። በሁለት ጣት ተገፍቶ ወዲያና ወዲህ መሄድ አለበት። ከቆሸሸ ወይም ከዛገ አይለቅም። ጥርሱን አጽዱ፣ ግሪስ በጣም በስሱ ቀቡ፣ የተረፈውን ጥረጉ። አብዝቶ የቀባ ሰው ግሪሱ ተወርውሮ ዲስኩን ያበላሽበታል። ያን ጊዜ ከአለመቁረጥ ወደ ማንሸራተት ተሸጋገረ ማለት ነው።

በጣም የማዝንበት ስህተት ግን ሌላ ነው። ካምቢዮው ሲሰቀል አልገጥም ይላል። ከሞተሩ ጋር አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ሠራተኛው ይደክመዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ቡሎኑ ይስበዋል» ይልና ያጠብቃል። በዚያች ቅጽበት የካምቢዮው ክብደት በሙሉ ዲስኩ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። ዲስኩ ይጣመማል፤ አንዳንዴም የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል። የተጣመመ ዲስክ ፔዳሉ ተረግጦም አንድ ጎኑ ቮላኖውን እየላሰ ይኖራል። በዓይን ስታዩት የተጣመመ አይመስላችሁም፤ ዘንጉ ላይ ሰክታችሁ ስታዞሩት ግን ሲወላገድ ይታያል። በእጅ ተገፍቶ ያልገጠመ ካምቢዮ በቡሎን አይገጠምም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንዳይታገላችሁ ዲስኩን ቀድማችሁ መሐል አስገቡት። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ። እኔ የምጠቀመው ከተጣለ ካምቢዮ የወጣ የፊት ዘንግ ነው። ዲስኩ ውስጥ ሰክቼ፣ ጫፉን በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) መሐል ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ አገጥመውና ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌት ተራ በተራ፣ በማዶ ለማዶ አጠብቃለሁ። ከዚያ ዘንጉን አወጣዋለሁ። ካምቢዮው ሰተት ብሎ ይገባል።

ያችን ትንሽ ኩሽኔታ አትርሷት። ብዙ ሰው ረስቷት ይሄዳል። ከደረቀች ወይም ከተነከሰች ዲስኩ ቢለቅ እንኳ ክራንኩ በእሷ በኩል ዘንጉን ይዞ ያዞረዋል። ጣታችሁን አስገብታችሁ አዙሯት። ከተንገራገጨች ቀይሯት።

ሞተሩና ካምቢዮው የሚገጥሙበት ላይ ደግሞ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሁለት ፒኖች አሉ። ካምቢዮውን ልክ መሐል ላይ የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው፤ ቡሎኖቹ አይደሉም። በመቀያየር ጊዜ አሮጌው ካምቢዮ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ወይም ይጣላሉ። ያለ እነሱ የተሰቀለ ካምቢዮ በትንሹ ይዛነፋል። ድምፅ ያመጣል፤ ማርሽ ይተፋል፤ የፊት ኩሽኔታውን ይበላል። ሳትሰቅሉ ቁጠሯቸው፤ ሁለት።

ያገለገለ ካምቢዮ ሲሆን አሮጌውንና አዲሱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። የፊት ዘንጉን ርዝመት፣ የጫፉን ውፍረት፣ የጥርሶቹን ቁጥር አስተያዩ። ሹካው የሚደገፍባት ኳስ መሰል ቡሎን ቁመቷ እኩል ይሁን። ኩሽኔታውም ቁመቱ ከቀድሞው ጋር ይመሳሰል። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ካምቢዮዎች በእነዚህ ይለያያሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትለይ ፔዳሉ የሚሰጠው መንገድ አይበቃም። ቮላኖው ቶርኖ ቤት ገብቶ ከተላጨም ያው ነው፤ የተላጨው ልክ ከሹካው መንገድ ላይ ይቀነሳል።

አቧራውን በአየር አትንፉ። አሮጌ ዲስኮች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ለሳንባ መጥፎ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ጆሮ

ድምፅን በፔዳሉ ለዩት። ዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ፉጨት ወይም ጩኸት የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው። ፔዳሉ ተለቅቆ እያለ የሚያጉረመርምና ስትረግጡ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል፤ በመጀመሪያው ግን ካምቢዮ መግዛት አያስፈልግም። ይህን አንድ ነገር ባለማወቅ ደህና ካምቢዮውን አውጥቶ የሸጠ ሰው አጋጥሞኛል።

ማንሸራተት

ሐረጎን ስትወጡ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናው ግን አይጨምርም። የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ይህ ማንሸራተት ነው። ሜዳ ላይ ለማረጋገጥ ከፊታችሁ ሰውም ግድግዳም በሌለበት የእጅ ፍሬን በደንብ ያዙ፤ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ሳትጨምሩ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። እየሠራ ከቀጠለ ያንሸራትታል። አንድ ጊዜ ይበቃል። ደጋግሞ መሞከር ዲስኩን ማቃጠል ነው።

ካምቢዮ ከተቀየረ በኋላ ለሚመጣ ማንሸራተት ሁለት ተጠርጣሪ አሉ። አንዱ ያልኳችሁ የፔዳል ነፃ እንቅስቃሴ መጥፋት ነው። ሌላው ዘይት ነው፤ ከክራንኩ የኋላ ጎሚኒ ወይም ከካምቢዮው የፊት ጎሚኒ ይመጣል። የሞተር ዘይት ከሆነ ይጠቁራል። የካምቢዮ ከሆነ ወፈር ይላል፤ ሽታውም ይሰነፍጣል፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ካምቢዮው ወርዶ እያለ ሁለቱን ጎሚኒ አለመቀየር ጥሩ ቁጠባ አይደለም።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ከመክሰሳችሁ በፊት የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎችን እዩ።

የማርሽ ዘንጉና ዘይቱ

ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ወዳልነው እንመለስ። በሃይሉክስ የማርሽ ዘንጉ ቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይቀመጣል። ታች ጫፉ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ካረጀች ወይም ስትሰቅሉ ከተረሳች ዘንጉ ይወላገዳል፤ ማርሹ የት እንዳለ አይታወቅም። በሚኒባሶች በኬብል የሚሄዱት ደግሞ ኬብሉ ከተጠማዘዘ ወይም ርዝመቱ ካልተስተካከለ ማርሹ ግማሽ ይገባል። ግማሽ የገባ ማርሽ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስታነሱ ይተፋል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሁለተኛ ማርሽ ቢተፋ ምን እንደሚሆን የእኛ አገር ሹፌር ያውቀዋል።

ስለዚህ የዘንጉን ልብስ ግለጡና ማርሽ ሲገባ ዘንጉ የወለሉን ብረት እንደማይነካ አረጋግጡ። የሌላ መኪና ካምቢዮ ከሆነ መቀመጫው ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዘንጉም ብረቱን ይደገፋል። ካምቢዮው ውስጥ ምንም ጥፋት ሳይኖር ማርሽ የሚተፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ ደሴ ጥሩ አስተማሪ ናት። ጠዋት በብርድ ማርሽ አልገባም ብሎ ሲያታግል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ የሚገባ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ወፍራም ነው። ብዙ ሰው ለዲፈረንሻል የገዛውን ወፍራም 140 ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ይጨምራል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን አድርጉ፤ ለብዙዎቹ 75ደብልዩ90 ነው። ጣሳው ላይ የዘይቱ ደረጃ ጂኤል-4 ነው ወይስ ጂኤል-5 የሚለውንም አንብቡ። አንዳንዱ ጂኤል-5 ዘይት የሲንክሮውን የነሐስ ቀለበት ይጎዳልና መጽሐፉ ካልፈቀደ አታድርጉት። ያገለገለ ካምቢዮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ተደፍቶ ነው የሚመጣው። በጎን ያለውን መሙያ ቡሎን ፍቱና ጣታችሁን አስገቡ። ዘይቱ የቀዳዳውን ከንፈር መንካት አለበት።

አሮጌውን ዘይት ስታወጡ ጠብታ በሁለት ጣት መሐል አሹና ወደ ፀሐይ አዙሩት። እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ስስ ብናኝ የሲንክሮው ነሐስ ነው፤ ጥቂት ከሆነ የዕድሜ ነው። የሚኮሰኩስ የብረት ፍንጣሪ ካገኛችሁ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። ያን ካምቢዮ አትስቀሉ፤ ከተሰቀለም አትንዱበት።

ጥፋቱ በእርግጥ የካምቢዮው ሲሆን

አንድ ማርሽ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው፣ እየተፋጨ የሚገባ ከሆነ የቆዩት ሹፌሮች የሚያውቁትን ሞክሩ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዜሮ አድርጉ፤ ልቀቁ፤ ትንሽ ነዳጅ ስጡ፤ እንደገና ረግጣችሁ ወደ ሁለተኛ አውርዱ። እንዲህ ሲደረግ ዝም ብሎ ከገባ የዚያ ማርሽ ሲንክሮ አልቋል። ዘንጉ ብረት ሳይነካ፣ ሁለቱ ፒኖች በቦታቸው እያሉ ማርሽ የሚተፋ ከሆነም ውስጡ ነው። አሁን ለሻጩ መልሱለት። ምን ምን እንደፈተሻችሁ አንድ በአንድ ስትነግሩት ይሰማችኋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናውን እኔ ራሴ እነዳለሁ፤ ባለቤቱ አጠገቤ ይቀመጣል። ከጋራዡ ወጥተን ሐረጎን ወደ ደሴ እንይዛለን። ዳገቱ መሐል፣ ለመቆም የሚመች ሰፊ ቦታ ስናገኝ እቆማለሁ። የእጅ ፍሬን እይዝና በአንደኛ አነሳዋለሁ። ካልተንቀጠቀጠና ካልሸተተ ትንሽ ሄደን እንዞራለን። ወደ ታች ስንመለስ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ነዳጅ አንስቼ ማርሹ እንደሚጸና አያለሁ። ጋራዥ ስንደርስ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አነጥፋለሁ፤ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የዘይት ጠብታ ካለ ይታያል።

ከሳምንት በኋላም እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። የካምቢዮውንና የመቀመጫውን ቡሎኖች እንደገና በቁልፍ እነካቸዋለሁ፤ የፍሪሲዮን ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ አያለሁ፤ ቱቦዋን በመዳፌ እይዛለሁ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም።